የራሷ ኩባያ

ከሽምብጥ ጤና ጣቢያ፣ ከዋርካው በስተኋላ፣
አሥራ አንድ ሠልጣኞች፣ በቆርቆሮ ጥላ፤
ሲስተር አንጓች ከፊት፣ በባሕር ዳር ወበቅ፣
ታስተምረን ነበር ሰውን አድምጦ ማወቅ።

«ዓይን ለዓይን ተያዩ» ይላል የመጽሐፉ ገጽ፣
«አንገት ነቅነቅ ይበል፣ ለስለስ ይበል ድምፅ።»
እሷ ግን ሰረዘችው ገና ሳናነበው፤
«ከዳንግላ መጥቶ፣ ልጁን የቀበረ ሰው፣
ዓይንህን ብትተክልበት ምን ሊመልስልህ ነው?
ከመተከል የሸሸ፣ በጉሙዝኛ የሚያልም፣
በአማርኛ ብትጠይቀው ሕልሙ አይተረጎምም።»

እኔ እጽፋለሁ። ቆንጆ ጽሕፈት አለኝ።
ሦስት ደብተር ሞላሁ፣ አንድ ቃል አልቀረኝ።
«ባህል» የምትል ቃል ከሥሯ አሰመርኩባት፣
የሌሎች ሰዎች ናት ብዬ፣ እኔ የሌለሁባት።

አንድ ቀን አበጀ ደንበኛ ሆኖ ሐዘን ሲያስመስል፣
ራሴን ስነቀንቅለት ዋልኩ፣ እንደ ሸንበቆ ቅጠል።
ሁሉም አጨበጨበልኝ፤ ሲስተር አንጓች አላጨበጨበችም፣
«እዚያ ሰው አልነበረም» አለች። ያኔ አልገባኝም።

በአራተኛው ሳምንት ተራዬ ደረሰና፣
ዘምዘም እንድሪስ ገባች፣ በሩን ገፋ አደረገችና።
ነገደ ወይጦ ናት፤ ከሐይቁ ዳር ደንገል ትቋጥራለች፣
ወንበሩን አየችውና ምንጣፉ ላይ አረፈች።
እኔም ወረድኩ ወደ መሬት (ገጽ ሠላሳ ሁለት፣
«ከደንበኛህ ከፍ ብለህ አትቀመጥ» የሚልበት)።

«እንዴት ነሽ?» «አልሐምዱሊላህ።» «እንቅልፍስ?» «ይመስገን።»
«ልጅሽ የሰጠመ ለት...?» «ቀኑ ነው፤ የሱ ቀን።»

ውኃ ቀዳሁላት፣ አዲስ ብርጭቆ መርጬ፣
(ልቤ እያመሰገነኝ፣ እንዲህ ዝቅ ብዬ ተቀምጬ)።
እሷ ግን ከፌስታሏ የላስቲክ ኩባያ፣
አረንጓዴ፣ ጠርዙ ያለቀ፣ የቅዳሜ ገበያ፣
አወጣችና ውኃዬን እዚያ ውስጥ ገለበጠች፣
ብርጭቆውን ከንፈሯን ሳታስነካ፣ ከራሷ ጠጣች።
«እንዳትቸገሩ ብዬ ነው» አለች፣ ቀለል አድርጋ፣
ጃንጥላ እንደያዘ ሰው፣ ሰማይ ጠርጥሮ በበጋ።

ያኔ ትዝ አለችኝ፣ ከዘጌ፣ ከቤታችን ደጅ፣
ካጥር ጉጥ የተሰቀለች ቅል፣ የማይነካት የቤት ልጅ።
እናቴ ክፉ ሴት አይደለችም፤ የተጠማ ታጠጣለች፣
«የነሱ ናት» ብላ በዚያች ቅል ትቀዳለች።
«እነሱ» ማን እንደሆኑ አንድም ቀን አልጠየቅኩም፣
ይህም ባህል መሆኑን ደብተሬ ላይ አልጻፍኩም።

እጄን ዘረጋሁ ቶሎ፤ «ከኩባያሽ አጠጪኝ።»
ኩባያዋን ጭኗ ላይ አኑራ፣ ተመለከተችኝ፤
ቀጥ ብላ። ዓይን ለዓይን። መጽሐፉ እንዳዘዘው።
«ለኔ ብለህ ነው» አለች፣ «ወይስ ለራስህ ነው?»

መልስ አልነበረኝም። ከደጅ የባጃጅ ጥሩንባ፤
በመስኮቱ ሽቦ አንዲት ዝንብ ስትወጣ ስትገባ።

ከብዙ ዝምታ በኋላ እሷው ጀመረችው፤
«ታንኳ አይተሃል» አለች፣ «እኔ የምሠራው?
ጀልባ ውኃ ከገባው ያልቅለታል፤ ታንኳ አይሰጥምም፣
ደንገል ነውና ያስገባል፤ ያስገባል፣ ግን አይወርድም።
ካሻገረ በኋላ ግን ወዲያው ዳር ይወጣል፣
ፀሐይ ካላገኘ ከውስጡ ይበሰብሳል።
ልጄ በታንኳዬ ‹ወይጦ ይሉኛል› ብሎ አፈረ።
በሰው ሞተር ጀልባ ሄደ፤ እንደ ወጣ ቀረ።»

ስድስት ጥያቄዎቼ እዚህ አላደረሱኝም።
ይህን ስትል ምን አልኳት? ምንም። ምንም አላልኩም።

ማታ ቅጽ ታደለን፤ «ምን ተማራችሁ?» የሚላ፣
ከሦስት መስመር እንዳይበልጥ፤ እኔ ስለ ቅሏ ጽፌ ገጹ ሞላ።
ሲስተር አንጓች አነበበች፣ መነጽሯን አውልቃ ጠረገች፤
«የኛም ቤት ነበረች» አለች። ሌላ አልጨመረች።

ሐሙስ ዘምዘም ተመለሰች። ምንጣፉ ላይ አረፈች።
ኩባያዋን አወጣች። ውኃ ቀዳሁ፤ ጠጣች።
ስትሄድ ወደ ሐይቁ ወረድኩ፣ ሥራዬን ፈትቼ፣
ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ፣ ፀሐይ ላይ ተሰጥቼ።